እናቴ የቀረጸችው አንገት

ጋና፣ ኬፕ ኮስት ውስጥ “አንገተ ሸጋዋ አራባ” ሲባል ሌላ ሴት አልነበረችም፣ እኔ ነበርኩ። አንገቴን እንደ ቀለበት የሚዞሩትን ሦስት መስመሮች የሠራችልኝ እናቴ ናት፤ በጨቅላነቴ ባጠበችኝ ቁጥር በአውራ ጣቷ እየተጫነች። እኛ ዘንድ አንገቷ ልሙጥ የሆነች ሴት የቱንም ያህል ብትቆነጅ “ምን ዋጋ አለው” ትባላለች። ስልሳን ካለፍኩ በኋላ ግን ቆዳዬ ተንዘላዘለና መስመሮቼን ውጧቸው ቁጭ አለ።

አክራ ሄጄ ቆዳውን በቀዶ ጥገና ላስወጥር ቆረጥኩ። ለሠርጌ እንኳ እንዲህ አልቸኮልኩም፤ ደስታዬ እንቅልፍ ነሳኝ። እናቴ ግን አኮረፈች። ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፣ ምላሷ ደህና ነው።

“በጣቴ የሠራሁትን ለቢላ ልትሰጪ?”

“እማ፣ የተንጠለጠለውን ብቻ ነው የሚያነሱት።”

“የተንጠለጠለማ ተርኪ ዶሮም አንገቱ ላይ አለው። ሐኪም ቤት ሲሄድ አየሽ?”

እህቴ ኤኩዋ ሳቋ አመለጣትና ወደ ጓሮ ወጣች።

ዶክተር ላርቢ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ጎልማሳ ነው። አንገቴን በእስክሪብቶ እያሰመረ፣ “አይዞሽ እማማ፣ አንዲት መስመር አላስቀርብሽም” አለኝ ኮራ ብሎ።

ከወንበሩ ተነሣሁ። “አንተ፣ እናትህ አላጠበችህም እንዴ?”

መጀመሪያ ግር አለው። ቀጥሎ እጁን ወደ ገዛ አንገቱ ሰደደና ሳቀ። “ይቅርታ እማማ፣ እዚያ ያስተማሩን ማጥፋቱን ነው። እንዲቀሩ እሞክራለሁ። ግን ቃል አልገባም፤ ቆዳው ሲወጠር ሊጠፉ ይችላሉ።”

ፈራሁ። ቢሆንም ተኛሁለት።

ፋሻው ሲፈታ መስታወት አስመጣሁ። አገጬ የሠላሳ ዓመት ሴት አገጭ! በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ግን አንገቴ አብጦ እንደ ጠርሙስ ልሙጥ ሆኗል። “እብጠቱ እስኪጎድል ታገሺ” አለኝ ዶክተሩ። ታገስኩ። የበቆሎ ሊጥ ቅቅላችንን ኬንኬን ማኘክ እስኪፈቀድልኝም ታገስኩ። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ከእናቴ ራቅ እያልኩ እቀመጥ ጀመር፤ ጣቷን ከመስታወት ይልቅ ፈራሁት።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት “ነይ እዚህ” አለችኝ።

እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። አውራ ጣቷ ከጆሮዬ ሥር ተነሥቶ በቀስታ ወረደ፣ ቆመም።

“ይቺ አለች” አለች። ጣቷ እንደገና ወረደ። “ይቺም አለች።” ከዚያ ታች ሲደርስ ወዲያ ወዲህ እያለ ብዙ ፈለገ።

“ሦስተኛዋ ሳስታለች። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ግን እናት አይደለም” ብላ ወደ ጓሮ ተጣራች። “ኤኩዋ! ውሃ አሙቂ፣ የሺአ ቅቤውንም አምጪልኝ። እህትሽን ላጥባት ነው።”

“እማ፣ እኔ እኮ የልጅ ልጅ አይቻለሁ።”

“ታዲያ ምን ይሁን? አገጭሽን ቀና አድርጊ። ያን ጊዜም እንዲህ እየተነጫነጭሽ ነው ያስቸገርሽኝ።”

አገጬን ቀና አደረግሁላት።