ቁጥሩ ያማረበት ሕመምተኛ

ዶክተር ኤቫሪስቶ በሚመሩት የፅኑ ሕሙማን ክፍል ሰው ይሞት ይሆናል እንጂ የደም ግፊቱ አይወርድም። ግፊቱ ከመቶ በላይ የሆነ ታካሚ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ይቀባለታል፤ ከዚያ በታች የወረደ ቀይ። አቤት ግድግዳው ሲያምር! ሆስፒታሉ ባለበት በኔግሮስ ደሴት እንዲህ የለመለመ የሸንኮራ እርሻ እንኳ አይገኝም።

ቴዎፊሎ የመጣው ከዚያው ከሸንኮራው ነው። ገጀራው አዳልጦት ጭኑን ቆርጦት፣ ደሙ መንገድ ላይ አለቀ። ሐኪሞች ሰፉት፣ የሚስቱ ወንድሞች ተሰልፈው ደም ሰጡት። ከዚያ ዶክተር ኤቫሪስቶ የሚወዱት፣ ደም ሥርን ጭብጥ አድርጎ ግፊት የሚያነሳው መድኃኒት ተለቀቀለት። ማሳያው ላይ መቶ አሥራ ስምንት! እሰይ! እግሩ ግን በረዶ ነው፤ በቱቦ የተያያዘለት የሽንት ከረጢትም ከጠዋት ጀምሮ ባዶ።

ተረኛዋ ሐኪም ኔኒታ ከረጢቱን ስትዳስስ፣ ሚስቱ ሮሴንዳ ከአልጋው ጎን ቀና አለች።

«ልጄ፣ አሁንም የለም?»

«እየጠበቅን ነው፣ ማናንግ» አለቻት፣ እንደ ታላቅ እህት ጠርታ።

«ኧረ ይሄ ሰውዬ ሽንት ይዞ አያውቅም! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ሲያስቆም አይደል እንዴ የኖረው?»

ኔኒታ ሳቋ መጣ፣ ግን ዓይኗን ከባዶው ከረጢት አልነቀለችም። የተጨበጠ ደም ሥር ግፊቱን ያሳምረዋል እንጂ ለኩላሊት ደም አያሳልፍም። «የተረፈችውን ጥቂት ደም ለሰውዬው ሳይሆን ለማሳያው ነው የሰጠነው» ስትል አሰበች። ቁም ሣጥን ውስጥ ሌላ አዲስ መድኃኒት አለ፤ ደሙን ወደ ልብ እየመለሰ፣ የጠበበውን ሥር የሚያላላ። አለቃዋ ዶክተር ኤቫሪስቶ ግን ቁጥሩን ቶሎ አያነሳም ብለው አኩርፈውታል። ስልክ ደወለችላቸው። አዳራሽ ውስጥ ከገምጋሚ እንግዶች ጋር ናቸው።

«ግፊቱ ስንት ነው?»

«መቶ አሥራ ስምንት፤ ግን ሽንት...»

«ታዲያ ምን ያነጫንጭሻል?»

«ኩላሊታቸው እየሞተ ነው፣ ዶክተር!»

«ከሞተ የኩላሊት ክፍል አለ አይደል? እዚያ ይታያል። እንግዶቹን ይዤ እየመጣሁ ነው፤ እንዳትነኪው!» ጆሮዋ ላይ ዘጉባት።

የኔኒታን የሥራ ውል የሚያድሱት እኚሁ ሰውዬ ናቸው። ይህን እያወቀች ፈሳሽ ጨመረች፣ አዲሱን መድኃኒት ሰጠች፣ ጨባጩን መድኃኒት ቀስ በቀስ ቀነሰች። መቶ አሥር። መቶ አንድ። ዘጠና አራት። ማሽኑ ጮኸ።

«ምነው? ገደልሽው እንዴ?» አለች ሮሴንዳ ብድግ ብላ።

«እስቲ እግራቸውን ይንኩት።»

ሮሴንዳ ነካችው። እንደገና ነካችው።

«ሞቋል! አንቺ ልጅ፣ ሞቋል እኮ!»

ጥቂት ቆይቶ በቱቦው ውስጥ አንዲት ቢጫ ጠብታ ወረደች፣ ሌላም ተከተለቻት። ሮሴንዳ በእልልታ ፈንታ «ሸና! ባሌ ሸና!» እያለች ክፍሉን አቀለጠችው። ልክ በዚህ ጊዜ በሩ ተከፍቶ ዶክተር ኤቫሪስቶ ከአራት እንግዶቻቸው ጋር ገቡ። ከረጢቱን ማን ያየዋል? ዓይናቸው ማሳያው ላይ ተተከለ።

«ዘጠና አራት?» ፊታቸው ደም መሰለ። እጃቸውን ጨባጩን መድኃኒት ወደሚገፋው መሣሪያ ሰደዱ።

ሮሴንዳ እጃቸውን አየር ላይ ቀለበችው።

«ዶክተር፣ ቁጥሩን ከፈለጉት ይዘውት ይሂዱ። ሰውዬውን ግን ለእኔ ይተዉልኝ።»

እንግዶቹ አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ ከረጢቱን አዩ። ዶክተር ኤቫሪስቶ እጃቸውን አስለቅቀው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና፣ «ወደሚቀጥለው አልጋ እንለፍ» አሉ።

ኔኒታ ውሏ እንዳበቃ ገባት። ቢሆንም መጋረጃውን ይዛ በደስታ አለቀሰች። ቴዎፊሎ ዓይኑን በግድ ገለጥ አድርጎ ሚስቱን አያት።

«አንቺ ሴትዮ» አለ በሰለለ ድምፅ፣ «ቀስ በይ እንጂ፤ ሰው ይሰማናል።»