የአቶ ወልደአረጋይ ቅጠል

«ምስጢሩን ይዞት መቃብር ገባ። እኔ እንደሆንኩ አላለቅስለትም።»

መብርሂት የንፍሮውን ሳህን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። የተናገሩት ጎረቤቷ እትዬ ሀብትነሽ ናቸው። ፍራሹ ላይ አጠገባቸው ለተቀመጡት ለእትዬ አምሳለ ማንሾካሾካቸው ነበር፤ ድምፃቸው ግን አልታዘዘላቸውም።

አባቷ አቶ ወልደአረጋይ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ድንኳኑ ካዛንቺስ፣ ደጃፋቸው ካለችው ጠባብ መንገድ ላይ ተጥሏል፤ ወንዶቹ የእድሩ አግዳሚ ላይ ካርታ ይጫወታሉ። «እግዜር ያጥናሽ» ላላት ሁሉ አንገቷን ስትደፋ ሰንብታ ማጅራቷ ደርቋል። ማልቀስም ደክሟታል።

አቶ ወልደአረጋይ በጡረታ የተገለሉ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ሰው የሚያውቃቸው ግን በቅጠላቸው ነው። የወፍ በሽታ ይዞት ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሁሉ ከቄራም ከለገሃርም ይመጣል፤ ጨምቀው በስኒ ያጠጡታል። የቅጠሉን ስም ለማንም አይናገሩም።

ከሰባት ዓመት በፊት ለመብርሂት ነገሯት። ላቦራቶሪ ከተቀጠረች ዓመት አልሞላትም ነበር።

«መርምሪው» አሏት። «እኔ ሳልፍ መድኃኒትነቱ በወረቀት ይቅር።»

ቅጠሉን አድርቃ ፈጨችው፤ ዘፍዝፋ አጣራችውና ጉበታቸው ለታመመ አይጦች ሰጠች። ለሌሎቹ ውሃ ብቻ። ከሥራ ስትመለስ አባቷ በር ላይ ይጠብቋታል።

«አይጦቼ እንዴት ዋሉ?»

ደህና አልዋሉም። ቅጠሉን የጠጡት ውሃ ከጠጡት ቀድመው አለቁ። ሙከራውን ደገመችው፤ ያው ሆነ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነገረቻቸው።

«ከእኔ ጠጥተው የሞቱ አሉ ማለት ነው?»

«አላውቅም አባዬ። አይጥ ሰው አይደለም።»

«አንቺ ብትታመሚ ትጠጪዋለሽ?»

መብርሂት ነጠላዋን ማጣጠፍ ጀመረች። በነጋታው ተክሉን ከነሥሩ ነቀሉት። ከዚያ ወዲህ ለመጣ ሁሉ መልሳቸው «ደረቀብኝ» ብቻ ሆነ።

«እውነቱን ለምን አትነግራቸውም?» አለቻቸው አንድ ቀን።

«ቀድሞ ያስጠጣ ሁሉ፣ ዘመዴን እኔው ገደልኩት እያለ ይኑር? ተዪ። እኔን ስስታም ይበሉኝ።»

የእትዬ ሀብትነሽ ልጅ አስመላሽ የታመመው ከዚያ በኋላ ነው። እናቱ እዚሁ ደጃፍ ተንበርክከው ለመኑ። አቶ ወልደአረጋይ «ሆስፒታል ውሰጂው» ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም። ልጁ ሆስፒታል ሞተ። ስድስት ዓመት ሙሉ እትዬ ሀብትነሽ ሰላም አላሏቸውም።

መብርሂት ሳህኑን አስቀመጠች።

«እትዬ ሀብትነሽ፣ ቅጠሉን ያስተውኩት እኔ ነኝ።»

እትዬ ሀብትነሽ ዞሩ።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«መርምሬዋለሁ። አይጦቹን ገደላቸው። አስመላሽ ቢጠጣው ኖሮ ሊብስበት ይችል ነበር። አባዬ ፈርቶ ነው የከለከልዎት እንጂ ሰስቶ አይደለም።»

እትዬ አምሳለ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ባለቤታቸው ከመሞታቸው በፊት ከዚያ ስኒ ጠጥተው ነበር።

«የኔውስ?» አሉ።

አባቷ ሰባት ዓመት የሸሹት ይህንን ፊት እንደነበር መብርሂት ያን ጊዜ ገባት። የወጣ ቃል ግን አይመለስም።

«አላውቅም፣ እትዬ አምሳለ። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።»

እትዬ አምሳለ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። የሚያስቀራቸው አልተገኘም።

እትዬ ሀብትነሽ በሩን አዩ። ከዚያ ከሆዳቸው ድምፅ ወጣ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ያልተሰማ።

«ወንድሜን! እኔ ደጅህ ሳልፍ ፊቴን አዞርኩብህ! ወንድሜ ወልደአረጋይ!»

ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። መብርሂት በተለቀቀው ቦታ፣ ፍራሹ ላይ፣ ተቀመጠች። የሴትየዋን እጅ ለሌላ ምት ሲነሣ አየር ላይ ያዘችው፤ ወደ ጉልበቷ አወረደችውና እንደያዘችው ቆየች።