ቀኝ እግሩን ብቻ የበረደው ሰው

ለታ ዲር ፓርክ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የምግብ መጋዘን ስድስት ዓመት ሠርቶ ወደ ፍሪዘር ክፍል የተዛወረው ጁላይ በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ነው። የዕቃ ክፍሏ ሠራተኛ ጉልበት ሊደርስ ምንም ያልቀረው ጥቁር ቦት ጫማ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ገበሩ እንደ በግ ለምድ የወፈረ፣ ሶሉ ሁለት ጣት የሚሞላ፣ ከዜሮ በታች አርባ ዲግሪ ይችላል የተባለለት ጫማ ነው። ነቀምቴ ተወልዶ፣ በረዶ በማይጥልበት ሰንሻይን ዌስት ሃያ ዓመት የኖረ ሰው በሃምሳ ስምንት ዓመቱ የበረዶ አገር ጫማ አጠለቀ።

«ጋሼ ለታ፣ ተራራ ሊወጡ ነው እንዴ?» አለው ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት የሚነዳው ተስፎም እየሳቀ።

ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች ሃያ አራት ነው። ለታ ካርቶን እየደረደረ አንድ ሰዓት እንደሠራ ቀኝ እግሩን ብርዱ ይወጋው ጀመር። ጣቶቹ፣ ተረከዙ፣ ሁሉም ሚስማር የገባበት ያህል ጠዘጠዘው። ግራው ግን ምንም አላለም። ግራ እግሩ እቤቱ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ይመስል ጸጥ ብሏል።

«ቀኙ ብልሽት አለበት» ብሎ ማክሰኞ መለሰው። ሴትየዋ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ዳበሰችው፤ ምንም አላገኘችበትም፤ ቢሆንም ሌላ ጥንድ ሰጠችው። ብሬክ ሳይደርስ ያው ቀኝ እግሩ እንደገና ተንገበገበ። ሁለት ጫማ፣ ሁለቱም ቀኛቸው ብቻ የተበላሸ? ለታ ግራ ገባው።

ረቡዕ ተስፎም የራሱን ቦት አወለቀለት። ቁጥራቸው አንድ ነው። «ሁለት ዓመት ሙሉ አድርጌዋለሁ፤ አንድ ቀን በርዶኝ አያውቅም። ይሞክሩት» አለው።

ሞከረው። ቀኙን በረደው።

«እንግዲህ ጫማው አይደለም» አለ ለታ ተስፎምን እያየ። «እግሬ ነው።»

ማታ እራት በልቶ ቀኝ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈ፤ ቫዝሊን ቀባው፣ አሸው፣ ገለባብጦ አየው። ቀይና ጤነኛ እግር ነው። ግራውን ዞር ብሎም አላየውም፤ ለምን ያየዋል? ሚስቱ አጸደ አጠገቡ ቆማ ስትመለከተው ቆየች።

«ስኳርህ እንዳይሆን። የሐኪም ቀጠሮህንም በሺፍት እያመካኘህ ሁለቴ ቀርተሃል።»

«ስኳር ቢሆንማ ሁለቱንም ነበር የሚያመኝ» አላት። ነገሩ ለእሷም እውነት መሰላት።

ሐሙስ ጠዋት አንድ መላ መጣለት። ወፍራሙን የሱፍ ካልሲ ከግራው አውልቆ በቀኙ ላይ ደረበ፤ ለግራው ስስ የጥጥ ካልሲ በቃው። መላው ሠራ። ቀኙ ቀለል አለለት፤ ግራውም እንደ ልማዱ ዝም። አርብም እንደዚያው አደረገ። «ሰው ችግሩን በራሱ ይፈታል» እያለ ለተስፎም ጉራውን ነዛ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ጫማውን በር ላይ አውልቆ ሲያስቀድስ ቆየ። ቅዳሴው አልቆ ሲወጣ አጸደ በረንዳው ላይ ጠበቀችው። እሱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲፈልግ እሷ እግሩ ላይ አፈጠጠች።

«ካልሲህ ርሷል።»

«ውሃ ረግጬ ይሆናል።»

«የምን ውሃ? ውስጡ ምንጣፍ አይደል እንዴ?»

አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ካልሲውን ሳበችው። ከቆዳው ጋር ተጣብቋል። ሲላቀቅ ትንሿ ጣቱ ጠቁራለች፤ ከጎኗ ያሉት ሁለቱ እንደ ሻማ ነጥተዋል፤ ተረከዙ ላይ ትልቅ የውሃ ቋጠሮ ፈንድቶ ይፈሳል። አጸደ «በስመ አብ!» ብላ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ለታም አየው። የራሱ ግራ እግር ነው፤ ግን የሌላ ሰው እግር አምጥተው የገጠሙበት መሰለው። «ይሄ... ደህናው ነው እኮ» አለ። «የሚያመኝ ያኛው ነው።»

ልጃቸው ዓያንቱ መኪናዋን አስነስታ ሆስፒታል አደረሰቻቸው። መንገዱን ሙሉ «ዳድ፣ ሃው ሎንግ? ሃው ሎንግ?» እያለች ጠየቀችው። ለታ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ማወቁ ቀርቶ፣ ምን እንደሆነም አላወቀም።

ሐኪሙ ቁስሉን ካየ በኋላ ቀጭን የፕላስቲክ ክር ከኪሱ አወጣ። ዓያንቱ ተረጎመችለት። «ዓይንህን ጨፍን። ሲነካህ የስ በል።»

ለታ ጨፈነ። ቀኝ እግሩ ላይ እንደ ዝንብ የቀለለ ነገር አረፈ። «የስ።» ሌላ ቦታ ነካው። «የስ።» ደግሞ ተረከዙን። «የስ።» ቀጥሎ ግራው ነው አሉት። ለታ ጠበቀ። ምንም የሚነካው ሲያጣ ሐኪሙ ስልክ ሊያነሳ ያቋረጠ መሰለው።

«ጀምር በይው እንጂ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ከዚያ ዓያንቱ፣ ለወትሮው የራሷን ነገር በእንግሊዝኛ እንጂ የማትነግረው ልጁ፣ በተቆራረጠ አማርኛ «ጨርሷል፣ አባዬ» አለችው። ዓይኑን ሲገልጥ ፊቷ በእንባ ርሷል።

ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳው። ስኳሩ የግራ እግሩን ነርቭ አደንዝዞታል፤ ቀኙንም ጀማምሮታል፤ ግን ቀኙ ገና ይሰማዋል። ብርዱን የነገረው የተሻለው እግር ነው። ጫማዎቹ ምንም አልነበረባቸውም፤ ስኳሩ የደም ዝውውሩን ስላዳከመው ግን በዚያ ብርድ ሁለቱም እግሮቹ ይቀዘቅዙ ነበር። ግራው ግን በስስ ካልሲ ሁለት ቀን ሙሉ ሲቀዘቅዝ መናገር አልቻለም።

«ስለዚህ ያለቀሰው ደህናው ነው፤ ዝም ያለው ነው የታመመው?» ሲል ጠየቀ ለታ። ዓያንቱ ተረጎመች፤ ሐኪሙ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ለታ ሁለት ጊዜ ደግሞ ጠየቀው፤ ሁለቴም ያው መልስ መጣ።

ትንሿን ጣት ቆረጧት። ሌሎቹ ተረፉ። መሥሪያ ቤቱ ከሁለት ወር በኋላ ሙቀት ባለበት የዕቃ መረከቢያ መስኮት አስቀመጠው፤ ተስፎም በብሬኩ ሰዓት እየመጣ ያጫውተዋል።

ቁስሉ እስኪድን ግን ነርስ በየሁለት ቀኑ ቤት ትመጣ ነበር። አንድ ቀን ፋሻውን እየፈታች «ያምሃል?» አለችው። «አያመኝም» ሊል አፉን ከፈተና ያዝ አደረገው። አያመኝም ማለት ድኛለሁ ማለት ይሁን ብሶብኛል ማለት፣ አሁን ለራሱም አልለይ አለው። አጸደን አያት፤ እሷም አየችው።

«እስቲ አንቺ እዪው» አላት ለነርሷ፤ እግሩን ወደ ብርሃኑ እያስጠጋ።