አቦምሳ ሐይቅ የላትም

ዘውድነሽ ፋይሉን ዘግታ እንደገና ከፈተችው። ያው ነው። ትናንት ጥርት ያለ አማርኛ የነበረው ጽሑፍ ዛሬ የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት ተደበላልቆበት ስክሪኑን ሞልቶታል።

"ፈይሳ፣ ና እስኪ የሠራኸውን ሥራ እየው።"

ባሏ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንደጣለ ከጓሮ መጣ። ጎንበስ ብሎ አየና ከንፈሩን ነከሰ።

"ያ የድሮው የአማርኛ መጻፊያ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ሄዷል። ጽሑፉ አለ፤ የሚያነበው ነው የጠፋው።"

"እሰየው። አቶ ሰብስቤ ማታ ሲመጣ 'አለ፣ ግን አይነበብም' ልበለው?"

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። ፈይሳ መምህር ነው፤ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ። ቤታቸው ያለው ኮምፒውተር ላይ የተጫነው ዊንዶውስ ያልተከፈለበት ቅጂ መሆኑ ከገባው ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል። "የተሰረቀ ነው" ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ በዚያው ነው የሚሠራው ቢሉት አይሰማም። አባቱ በደርግ ጊዜ መፈክር አላሰማም ብለው የታሰሩ ጴንጤ ነበሩ፤ ዘውድነሽም "አባትህ በመፈክር ታሰሩ፣ አንተ ደግሞ በዊንዶውስ ልትታሰር ነው" እያለች ትቀልድበት ነበር። እሱ ግን ሊኑክስ የሚባለውን፣ ማንም በነፃ ወስዶ የሚጭነውን፣ በፍላሽ እያስነሳ ሲሞክር ከረመ። እሷም ነካክታ አልጠላችውም። ቫይረስ የደንበኞቿን ሥራ ሲበላባት መሯት ስለነበር "እሺ፣ ቀይረው" አለችው። ዛሬ ረፋዱ ላይ ቀየረው። ፋይሎቹን ሁሉ አስቀድሞ በፍላሽ ገልብጧቸው ነበር፤ የፊደሉን ነገር ግን ማን አስቦት።

በሌላ ቀን ቢሆን ስቃ ታልፈው ነበር። ዛሬ ግን የሰብስቤ ጥናት አለ። አቶ ሰብስቤ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚሠራ የአንድ ጭነት አስተላላፊ ድርጅት ኃላፊ ነው። ለማታ ትምህርቱ ማሟያ የሚሆነውን ጥናት ነገ ካስረከበ፣ ዘውድነሽን ቢሮው ውስጥ በጸሐፊነት ሊቀጥራት ቃል ገብቶላታል። በቋሚነት። መኝታ ቤት ጥግ ተቀምጣ የሰው ጽሑፍ ስትተይብ ዕድሜዋን የገፋች ሴት ለዚህች ቃል እንዴት እንደምትሳሳ የደረሰበት ያውቀዋል።

ፈይሳ የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። ሰብስቤ ያመጣው የራሱን ጥናት አይደለም። ሌላ ሰው ስለ ቡልቡላ የሽንኩርት ገበያ የሠራውን አምጥቶ "ቡልቡላ የሚለውን በሙሉ አቦምሳ አድርጊው፤ የእኔንም ስም አስገቢ" አላት። አደረገችው። አንድ ቁልፍ መጫን ነው፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ግን ልቧ አላርፍ ብሏል፤ ባሏ በገባ በወጣ ቁጥር ስክሪኑን ትሸፍናለች።

"ኮምፒውተር ጥገና ቤት እንውሰደውና ዊንዶውሱን ይመልሱልን" አለች።

"ደውዬ ነበር፤ እነሱ ሰፈር ዛሬ መብራት የለም። ረቂቁን አትመሽው የለ? እኔ ላንብብልሽ፣ አንቺ ተይቢ።"

"አንተ ተወው፣ እኔው እያየሁ እተይበዋለሁ።"

"ዘውዴ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። አምጪው።"

ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳው። ርእሱን ሲያይ ፊቱ በራ። "ስለ አቦምሳ ነው እንዴ? ስለ አገሬ እየጻፍሽ ትደብቂኛለሽ?"

ዘውድነሽ ወደ ቁልፎቹ ዞረች። እሱ ተማሪዎቹ ፊት እንዳለ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ እሷ ትተይባለች። አዲሱ የአማርኛ መጻፊያ ለጣቷ ባዳ ሆኖባታል፤ የለመደችውን ቁልፍ ስትጫን ሌላ ፊደል ይወጣል። ታጠፋለች፣ ትመልሳለች። ቶሎ ቶሎ ባነበበ፣ ባላስተዋለ እያለች ትጸልያለች።

"የጥናቱ አካባቢ። አቦምሳ በአቢጃታ ሐይቅ አቅራቢያ፣ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው..." ፈይሳ ንባቡን አቋረጠ። ወደ ኋላ ተመልሶ በልቡ አነበበው።

"አቦምሳ ሐይቅ የላትም" አለ። "የሐዋሳ መንገድም በዚያ አያልፍም። ይኼማ ቡልቡላ ነው።"

ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ቀሩ። መዋሸት ትችል ነበር፤ ደከማት።

"ቡልቡላ ነበር። ስሙን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ጥናቱም የሰብስቤ አይደለም።"

ስብከቱን ጠበቀች። አልመጣም። ፈይሳ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አድርጎ "ሥራው የሚገኘው በዚህ ነው?" አላት።

"በዚህ ነው።"

"ስንት ዓመት ነው እዚች ጥግ የተቀመጥሽው?" መልስ አልጠበቀም። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። "እንግዲያው ሐይቁን እናውጣው። መርቲ ወረዳ፣ አርሲ ብለሽ ጀምሪ። ገበያውን እኔ ልንገርሽ፤ ማንም አይነቃበትም።"

ይኼን ሲል ቀና ብሎ አላያትም። እስክሪብቶው 'ሐይቅ' የሚለው ቃል ላይ ደርሶ ቆሟል።

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። አንድ ቀን እንኳ አይቶት ለማያውቀው ለዊንዶውስ ባለቤት እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ ለእሷ ብሎ ሊዋሽ ተቀመጠ። አፈረች፤ በራሷ እንጂ በእሱ አይደለም።

"ስጠኝ" አለችው ወረቀቱን እየወሰደች። "አንተ አትንካው።"

"ሥራውስ?"

"አትንካው አልኩህ፣ ፈይሳ።"

ደጅ ላይ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ማታ እመጣለሁ ያለው ሰብስቤ ቸኩሎ በጊዜ መጥቷል። ዘውድነሽ ጥናቱ የመጣበትን ፍላሽና ረቂቁን ይዛ ወጣች። እሱ ከመኪናው አልወረደም፤ በመስኮቱ እጁን ዘረጋ።

"ደረሰልኝ?"

"አልደረሰም፣ አቶ ሰብስቤ።"

"እንዴ፣ ነገ ነው እኮ የማስረክበው። እኔ ቦታውን ላንቺ ብዬ ይዤ ነው ያለሁት።"

"አውቃለሁ።" ፍላሹንም ረቂቁንም እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"ታዲያ ምን ጎደለው?"

"አቦምሳ ሄደው ይዩዋት። ያዩትን ጽፈው ያምጡልኝ፤ በነፃ እተይብልዎታለሁ።"