የአዝራር ቆሽት

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ቃል ነው። የእንስሳት ሐኪሟ ውሻውን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ሆዱን ስትዳብስ ቆየችና፣ "ቆሽቱ ተቆጥቷል" አለች። ቁስል ተቆጣ እንደሚባለው ማለቷ ነበር። የውሻው ባለቤት አባ ሜትር ግን በራሱ መንገድ ተረድቶት፣ ወዲያው "በማን?" ብሎ ጠየቀ።

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስረዳችው። ሕመሙ ውሎ አድሮ የከረመ ነው፤ ጨርሶ ባይድንም በጥንቃቄ ይያዛል። ከእንግዲህ ስብ የሚባል ነገር በውሻው አፍ እንዳይዞር። ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ደረት፣ ቅቅል ሩዝ፣ ቅቅል ድንች፣ በቀን አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይብላ። ጠዋትና ማታ ደግሞ አንዳንድ ክኒን ይዋጥ። እንዲህ ያለው ሕመም አንዴ ከደገመው ግን መትረፉን እንጃ አለች። አባ ሜትር ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ይዞ ወጣ። "በማን?" ላለው ጥያቄም ከክሊኒኩ በር ሳይደርስ መልሱን አገኘ። በማን ይሆናል፣ በአማቹ ነዋ!

አባ ሜትር አርባ ዓመት ሙሉ ሜትር አንገቱ ላይ ጠምጥሞ የኖረ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁን ከዘጋ ወዲህም ሜትሩ ከአንገቱ አልወረደም። በዓይን ግምት የሚሠራን ሰው ይንቃል። ዳቦ አንሻፎ የሚቆርስን ይንቃል። የፊት ለፊት ጎረቤቶቹን መጋረጃቸው በአንድ ጎኑ ሁለት ጣት ስለሚረዝም ብቻ ሰባት ዓመት ንቋቸው ኖሯል። ይኼ ሁሉ ንቀት ተጠራቅሞ የሚፈስሰው ግን አንድ ልጁን አግብቶ አብሯቸው በሚኖረው ሰውዬ ላይ ነው።

ሰውዬው መኪና መንዳት ያስተምራል። ይኼም ሥራ ሆኖ! ሌላው ሲነዳ አጠገቡ ተጎልቶ ፍሬን መርገጥ! ደግሞ አፉ ላይ አንዲት ቃል አለችው። ሳህን እጠብ ሲሉት "ለአመል ለቅለቅ ላድርገው" ይላል። ምግብ ይጨመርልህ ሲሉት "ለአመል"። ፀጉሩን እንኳ የሚቆረጠው ለአመል ነው፤ ያውም ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ሆና። አባ ሜትር ቃሉን ከአፉ ቀምቶ መልሶ ስም አወጣለት። ከዚያ ወዲህ "ለአመል የት ሄደ? ለአመል መጣ እንዴ?" እያለ በሰው ፊት ሁሉ ይጠራው ጀመር። ልጁ ትቆጣለች፤ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ።

ውሻው አዝራር ይባላል። ቡችላ ሆኖ የካፖርት አዝራር ውጦ ሳይሞት ስለተረፈ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ከስፌት መኪናው ሥር፣ የአባ ሜትር እግር ላይ ተኝቶ አድጓል። ሱቁ ሲዘጋ ደንበኛው ሁሉ እየሳሳ ሲቀር ያልቀረ እሱ ብቻ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ አባ ሜትር ከልጁ ቀጥሎ በዚህ ዓለም የሚወደው ይህንኑ ውሻ ነው። ለአመል ደግሞ ራት በበላ ቁጥር ከሳህኑ የተጠበሰ የዶሮ ቆዳ ጫፍ ይጥልለታል። ተው ሲባል መልሱ የታወቀ ነው፦ "ለአመል እኮ ነው፣ አባባ።"

እና አባ ሜትር በዚያው ቀን ሕግ አወጣ። ውሻው ባለበት ማንም እንዳይበላ። ልጁ ኩሽና ገብታ በሩን ዘግታ ትብላ፤ እሷ ትታመናለች። ለአመል ግን እጁ አይታመንምና ውጭ፣ የሕንፃው ደረጃ ላይ ይብላ። ልጁ ይኼ ነውር ነው፣ ባሌ እንግዳ አይደለም ብላ አለቀሰች። ሰውዬው ግን እስቲ ለአመል ነፋስ ልቀበል ብሎ ሳህኑን ይዞ ወጣ። አባ ሜትር ይኼንንም ናቀበት። ወንድ ልጅ ትንሽ እንኳ አይቆጣም?

በዚህም አላበቃም። ሰውዬው ቤት ውስጥ የሚለብሳት ቡናማ ጃኬት አለችው። አባ ሜትር አንድ ከሰዓት መነጽሩን ሰክቶ ሁለቱንም ኪሶቿን ድፍን አድርጎ ሰፋቸው። ቁራጭ ሥጋ ደብቆ የሚያስገባበት ቀዳዳ እንዳይኖር ነው። ስፌቱን በጣቱ እየዳሰሰ በገዛ እጁ ሥራ ረካ። ሰውዬው በማግስቱ እጁን ኪሱ ሊከት ሲል እምቢ አለው፤ ጨርቁን አየ፣ አማቱን አየ፣ እንደዚያው ለበሳት።

አባ ሜትር ውሻውን ሲያስታምም ግን ማየት ነበር። የዶሮውን ደረት ከቆዳው አልፎ ጅማቱን አንድ በአንድ ይለቅማል። ሩዙን በሚዛን ይመዝናል። ቅዳሜ ቅዳሜ የውሻውን ወገብ በሜትር ለክቶ ደብተር ላይ ያሰፍራል። ክኒኑ መጀመሪያ አስቸግሮት ነበር፤ አዝራር በምላሱ እየለየ ይተፋበታል። ዘዴ አያጣምና በገበታ ቅቤ ጠቅልሎ ቢሰጠው ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠው። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ። "መድኃኒት" በሚለው ገጽ ላይ ምልክት ያደርግና፣ ሰው እንዲህ ነው የሚያስታምመው፣ እንደ አንዳንዱ ለአመል አይደለም ይላል፤ ደረጃው ላይ ያለው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

በአርባኛው ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ወገቡን ሊለካው ቢጠራው አዝራር አልመጣም። የፊት እግሮቹን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ወገቡን ወደ ላይ አንስቶ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ቢጫ ነገር አስመለሰው። አባ ሜትር ክው አለ። ቆሽቱ አረረ፤ በዚያን ሰዓት ከሁለቱ የማን ቆሽት እንደባሰ እንጃ። አማቹ በሩን ከፍቶ ሲገባ ቆሞ ጠበቀው።

"ገደልከው" አለው።

ሰውዬው ጃኬቷን ከመስቀያው አውርዶ ውሻውን ጠቀለለባትና አቅፎት ደረጃውን ወረደ። የሚያስተምርባትን መኪና ነበር ይዞ የመጣው። አባ ሜትር ውሻውን ታቅፎ ከጎን ተቀመጠ። የአስተማሪው ወንበር መሆኑ ነው። እግሩ ሥር ሁለተኛው ፍሬን አለ። በየመታጠፊያው እየደነገጠ ሊረግጠው ሲል ዓይኑ አረፈበት። የመርገጫው ጎማ አልቆ አልቆ ብረቱ ወጥቷል። ይኼ እግሩን ለአመል የሚያስቀምጥ ሰው ፍሬን አይመስልም ነበር። አባ ሜትር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሐኪሟ ለውሻው የሚንጠባጠበውን መድኃኒት ከሰካችለት በኋላ ምን ምን እንደበላ ጠየቀች። አባ ሜትር ደብተሩን ሰጣት። እያገላበጠች በአድናቆት ራሷን ነቀነቀች፤ እንዲህ ጽፎ የሚመጣ ሰው አይታ እንደማታውቅ ነገረችው።

"ደብተሩ ላይ የሌለውን እሱን ጠይቂው" አለ አባ ሜትር በአገጩ እየጠቆመ።

ሰውዬው ሕጉ ከወጣበት ቀን ወዲህ ምንም ነገር ሰጥቶት እንደማያውቅ ተናገረ። ረስቶ፣ ባዶነቱን ሊያሳያት ኪሱን ሊገለብጥ ጃኬቷን አነሣ፤ ተሰፍቷል። ሐኪሟ ድፍኑን ኪስ፣ ከዚያም ሁለቱን ሰዎች እያፈራረቀች አየች። ወደ ደብተሩ ተመለሰች። "መድኃኒት" የሚለው ገጽ ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

"ክኒኑን በምንድን ነው የሚሰጡት፣ አባባ?"

"በገበታ ቅቤ ጠቅልዬ!" አለ ኮራ ብሎ።

"በቅቤ?"

"መድኃኒት ነው እኮ፣ ምግብ አይደለም።"

ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ተቆጥታ ቢሆን ይሻለው ነበር። ቅቤ ማለት ስብ ብቻ መሆኑን፣ ይኸውም በቀን ሁለቴ፣ ለአርባ ቀን መሆኑን ቀስ ብላ ነገረችው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሣች። "በአንድ ጊዜ ምን ያህል ይሆናል?"

አባ ሜትር ሩዙን ስንት ግራም እንደሆነ ያውቃል። የውሻውን ወገብ እስከ ሚሊሜትሩ ያውቃል። ቅቤውን ግን አንድ ቀን እንኳ መዝኖት አያውቅም፤ በጣቱ ቆንጠር ነበር የሚያደርገው። እጁ ሳያዘው ወደ አንገቱ ሄዶ ሜትሩን ጨበጠ።

"ለአመል" አለ።

ማንም አልሳቀም። አማቹ ጎንበስ ብሎ የውሻውን ጆሮ ያሻሽ ነበር። አባ ሜትር በሕይወቱ ብዙ ሰው ንቋል፤ ራሱን ሲንቅ ግን ይኼ የመጀመሪያው ነው፤ ሲንቅ ደግሞ እንደሚያውቅበት ናቀ።

አዝራር ለሦስት ቀን ሞትና ሕይወት መሐል ቆየ። በአራተኛው ቀን አንድ ማንኪያ ድንች ላሰ፤ በሳምንቱ ወገቡ አራት ሴንቲ ሜትር ጎድሎ ቤቱ ገባ። ክኒኑን አሁን የሚሰጠው አማቹ ነው። በማንኪያ ጀርባ ያደቅቀውና ከድንቹ ጋር ይለውሰዋል፤ ውሻውም እምቢ አይልም።

ውሻው ቤት በገባበት ቀን ራት ሲደርስ አባ ሜትር ሳህኑን ይዞ ተነሣ። ልጁ ወዴት ነው ብትለው ተዪኝ ብሏት ወጣ፤ ቡናማዋን ጃኬትና መቀሱንም ይዞ ነበር። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ድንጋዩ ይበርዳል። አርባ ቀን ሙሉ እንዲህ ይበርድ ኖሯል። ምግቡን ወደ ጎን ትቶ የገዛ ስፌቱን አንድ በአንድ ይፈታ ጀመር። ጥሩ ስፌት ነበር፤ አልፈታ ብሎ አስቸገረው።

በሩ ተከፈተና አማቹ ሳህኑን ይዞ ብቅ አለ። አባ ሜትር ቀና ሳይል ውስጥ ግባና እንደ ሰው ጠረጴዛ ላይ ብላ አለው።

"እኔማ፣ አባባ፣ አመል ሆኖብኛል" አለ ሰውዬው። "እዚህ ካልበላሁ አልጠግብም።"

አባ ሜትር የፈታውን ክር ከጉልበቱ ላይ አራገፈ። ይኼ ሰውዬ ሲያላምጥ ያጮኻል፣ ምኑም አልተሻሻለም። ቢሆንም ጠጋ አለለት፤ ለአመል።