መጨረሻ የሚገጠመው መሰኪያ

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አንድ ሕግ ነበረው፤ የማንኛውንም ዕቃ መሰኪያ የሚገጥመው ሌላው ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። «መሰኪያ ካለው ሰክተህ ተኛ፤ ከሌለው አትንካው» ይላል ለደንበኞቹ። ሰፈሩ ይህችን ነገር በቃሉ ይዟታል።

ባለፈው ሳምንት ግን ደክሞት ነበር። ቀኑን ሙሉ አራት ፎቅ እየወጣና እየወረደ ገመድ ሲስብ ውሎ፣ ወገቡን ይዞ ታላቅ እህቱ ቤት ሄደ። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። ጉልበቷ አልታዘዝ ቢላት በእግር የሚረገጠውን ስፌት መኪና ሸጣ፣ ከውጭ የመጣ አሮጌ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝታለች። የዚህኛው መሰኪያ ባለ ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው፤ የግድግዳው ሶኬት ደግሞ ባለ ክብ ቀዳዳ።

መኪናውን አዙሮ ጀርባውን አየ፤ መቶ አሥር ቮልት ይላል። የቤቱ መብራት ሁለት መቶ ሃያ ነው። መሰኪያው ቢቀየርም ኃይሉን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ከሌለ መቃጠሉ አይቀርም። ትራንስፎርመሩ ያለው ሱቁ ነው፤ ሱቁም ሩቅ ነው። እህቱ ዐይን ዐይኑን ታየዋለች። ባዶ እጁን መውጣት አሳፈረውና ጠፍጣፋውን ቆርጦ ባለ ክቡን ገጠመላት።

«የቀረውን ነገ ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ።

ነገ ሲል ከነገ ወዲያ ሆነ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሳምንት ሞላ። ደክሞት ነው እንበል። ግን «እንዳትሰኪው» አንድ ቃል ናት፤ አንድ ቃል ምን ያህል ታደክማለች?

ዛሬ ትራንስፎርመሩን ተሸክሞ እያለከለከ ደጇ ሲደርስ የተቃጠለ ሽታ ተቀበለው። እህቱ በርጩማዋ ላይ ኩርምት ብላለች። የስፌት መኪናው ሞተር ጠቁሯል፤ የተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ መርፌው ሥር እንደተያዘ ቀርቷል።

«እትዬ፣ ምነው ሳልመጣ ሰካሽው?»

«መሰኪያ ገጥመህልኝ የለ እንዴ!»

«የቀረ ነገር አለ ብዬሽ አልነበር?»

«ብለሃል። እኔ የጎደለው የመኪናው ክዳን መስሎኝ። ደክሞታል፣ ለክዳን ብዬ ወንድሜን አላመላልስም አልኩና ዛሬ ጀመርኩ።»

ትራንስፎርመሩን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሞተሩን ነካው፤ ገና አልበረደም። ከፍቶ አየው። ሽቦው ቀልጦ አንድ ላይ ተጣብቋል። ሠላሳ ዓመት ሲሠራ እንደዚህ ራሱን ጠልቶ አያውቅም።

«ይሠራል አይደል፣ ወንድም ዓለም?» አለች።

ጉጠቱን አወጣና ራሱ የገጠመውን መሰኪያ ቆረጠው።

እህቱ የተቆረጠውን ገመድ ጥቂት አየችና ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ማሸት ጀመረች።