ባዶውን የሚመለሰው አውቶቡስ

«ኬላው ጋ ስንደርስ ቀናም አትበይ፤ ጎንበስም አትበይ» አላት ባሏ ኑረዲን፣ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ሞተር እያሞቀ።

«ቀናም ጎንበስም ካላልኩ አንገቴን የት ላድርገው?»

«ወላሂ፣ አንቺን ይዞ መንገድ ከመውጣት የግመል መንጋ መንዳት ይሻላል።»

አሲያ አልሳቀችም። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ጊዜው ካለፈበት ወራት ሆኖታል። አቡ ዓሪሽ ላይ ቤቱን የምታጸዳለት፣ ፈቃዱንም ማሳደስ ያለበት ከፊሏ «ቡክራ፣ ቡክራ» እያለ ያመላልሳታል፤ የእሱ ነገ ግን መጥቶ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ከሰፈሯ ርቃ አልሄደችም። ከአቡ ዓሪሽ ወደ ጂዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ኢቃማ የሚጠየቅበት ኬላ አለ። ጎረቤቷ ዘሪቱ መድኃኒት ልትገዛ እንደወጣች እዚያው ተይዛ ቀረች። ከታሰረችበት ስትደውልም መጀመሪያ የጠየቀችው ምድጃ ላይ ጥዳ ስለሄደችው ሽሮ ነበር። አሲያ ይህን ካሰበች እንቅልፍ የላትም። ሐሳቧ ሁሌም የሚያበቃው አንድ ቦታ ነው፤ እሷ ተባርራ አውሮፕላን ውስጥ፣ ልጇ ኢክራም እዚህ።

ዛሬ ግን የትምህርት ዓመቱ መዝጊያ ነው። ኑረዲን ሾፌር በሆነበት በጂዛኑ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ኢክራም ስድስተኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ በክፍሏ ስም የስንብት ንግግር የምታደርገውም እሷ ናት። በዓሉ በሴቶቹ አዳራሽ ስለሆነ ወንድ ከበሩ አያልፍም። እናት ካልገባች የሚገባላት ሰው የለም። ኢክራም አንዴ ብቻ «ትመጫለሽ?» ብላ ጠይቃ ነበር። እናቷ «ራሴን ያመኛል» ስትላት ደግማ አላነሳችውም። አሲያን ከቤት ያስወጣት ያ ዝምታ ነው።

መላውን ያገኘው ኑረዲን ነበር። የሴት ተማሪዎች አውቶቡስ ያለ ሴት ተቆጣጣሪ አይንቀሳቀስም፤ ሱዳናዊቷ ተቆጣጣሪ ደግሞ ቀድማ ለዕረፍት አገሯ ገብታለች። «ባለቤቴ ትተካት» ብሎ አስፈቀደ። ሴት ልጆች የሞሉበት አውቶቡስ ውስጥ ወታደር አይገባም፤ ነውር ነው።

እንዳለውም ሆነ። ኬላው ላይ ያለው ወታደር ከስልኩ ቀና ሳይል በእጁ «እለፍ» አላቸው። ልጆቹ እየተንጫጩ ነበር። አሲያ ኒቃቧ ውስጥ በላብ ተጠምቃ «አልሐምዱሊላህ» አለች እንጂ ልቧ አላረፈም። ነገር በቀላሉ ሲያልፍላት የባሰ ትፈራለች።

አዳራሹ በሽቶና በጃስሚን ታፍኗል። ኢክራም መጀመሪያ በዓረብኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ተናገረች። አሲያ ግማሹን አልሰማችውም፤ ልጇ ወረቀት ሳታይ፣ እጇን አጣጥፋ፣ እንደ ትልቅ ሰው መቆሟን ግን አየች። ያን ጊዜ ብቻ መንገዱን ረሳችው።

ጭብጨባው ሲያበቃ እናቶች የየልጆቻቸውን እጅ ይዘው መውጣት ጀመሩ። ውጭ ዘበኛው በድምፅ ማጉያ የአባቶችን ስም እየጠራ ነው፤ አንዱ መኪና ሲሄድ ሌላው ይጠጋል። አሲያ በመስኮት ስትመለከት ጠዋት በአውቶቡሱ የመጡት ሁለት እህትማማቾች የአባታቸው መኪና ውስጥ ሲገቡ አየች። ከዚያ ሌላዋ ገባች። ለኑረዲን ደወለች።

«ልጆቹ በቤተሰብ መኪና እየሄዱ ነው።»

«አዎ፣ የመጨረሻ ቀን ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። ባዶዬን ነው የምመለሰው።»

«እኔስ?»

የአውቶቡሱን ሞተር ሲያጠፋው ሰማች።

«ኑረዲን፣ ይህን ታውቅ ነበር?»

«ባዶዬን እንደምመለስ አውቃለሁ። ባዶዬን ስመለስ ግን አንቺ አብረሽኝ ኖረሽ አታውቂም። አላሰብኩትም።»

ባዶ አውቶቡስ፣ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴትና አንዲት ልጅ። ገና ሳይቆሙ ነው ኢቃማ የሚባሉት።

«እዚሁ ጂዛን ልደር?»

«ማን ቤት? ዘበኛውም በሩን ሊዘጋ ነው። አብሽሪ፣ አንድ ነገር እናደርጋለን።»

ኑረዲን «አብሽሪ» ካላት መላው እንደጠፋበት ታውቃለች። ስልኩን ዘግታ ዞር ስትል ኢክራም አጠገቧ የለችም። በአዳራሹ በየወንበሩ መካከል ፈለገቻት። ልትጮኽ አፏን ስትከፍት በሩ ጋ አየቻት፤ ጓደኛዋን ሐናንን በክንዷ ይዛ፣ በፈጣን ዓረብኛ ሌሎቹን እየሰበሰበች ነው። የሐናን እናት፣ በአቡ ዓሪሽ የሚሠራ ሱዳናዊ ሐኪም ሚስት፣ አጠገባቸው ቆማለች።

«እማ፣ ያላ» አለች ኢክራም። «በአውቶቡሱ አብረውን ሊሄዱ ነው። ኡም ሐናንም ትመጣለች።»

«ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?»

«የመጨረሻ ጊዜ እየዘፈንን እንሂድ ነው ያልኳቸው።»

ሰባት ስምንት የሚሆኑ ልጆች እየተጋፉ አውቶቡሱ ላይ ወጡ። ኡም ሐናን ከፊት፣ ከአሲያ ጎን ተቀመጠች። ኑረዲን በመስታወቱ አንዴ አያቸው፤ ምንም ሳይጠይቅ ነዳ።

ኬላው ላይ ወታደሩ ተቀይሯል። ይሄኛው እጁን አንስቶ አስቆማቸው።

«ትምህርት ተዘግቶ የለም እንዴ? ወዴት ነው?»

«አቡ ዓሪሽ። ከበዓሉ እየተመለሱ ነው» አለ ኑረዲን።

ወታደሩ ዞሮ በሩን ከፈተና አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አደረገ። ዘፈኑ ተቋረጠ። አሲያ የልጇን ጸጉር ማን እንደሚሠራላት አሰበች፤ አባቷ እንደሆነ ማበጠሪያ መያዝም አይችል።

«ወንድሜ፣ ሴቶች ነን» አለች ኡም ሐናን፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ።

እግሩ እዚያው ቆየ። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ወረደ፤ በሩንም ራሱ ዘጋው። «ሂድ» አለው ለኑረዲን።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ከኋላ አንዷ ዘፈኑን አነሳችው፤ ሌሎቹ ተቀበሏት።

«ጎበዝ ልጅ አለችሽ» አለቻት ኡም ሐናን። «የራሳችንን መኪና ትተን በዚህ እንድንመለስ ሳምንቱን ሙሉ ስትለምነኝ ነበር። ሐናንንም፣ የሌሎቹን እናቶችም።» ወደ አሲያ ጠጋ ብላም፣ «ለዘፈን ተብሎ እንደዚያ ሲለመን አላየሁም» አለች። ሌላ አልጠየቀቻትም።

አሲያ ወደኋላ ዞረች። ስለ ኢቃማው ለልጇ አንዲት ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ከሁሉም ነገር ስትጠብቃት ኖራለች፤ ከኬላው፣ ከፀሐዩ፣ ከሰው ዓይን። ኢክራም መጨረሻው ወንበር ላይ ናት። አፏ ከጓደኞቿ ጋር ይዘፍናል፤ ፊቷ ግን ወደኋላ መስኮት ዞሯል። የታችኛውን ከንፈሯን መለስ ቀለስ እያደረገች ትነክሰዋለች፤ ልክ አሲያ እንደምታደርገው። መኪና እንዳይከተላቸው መንገዱን እየጠበቀች ነበር።

«ኢክራሜ፣ በቃ፣ አለፍን እኮ። ነይ አጠገቤ ተቀመጪ።»

«ቆይ እማ» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ። «መጀመሪያ መታጠፊያውን እንለፍ።»